«የጄሊፊሽ ነገር»፦ የአንዲት ታዳጊ ሐዘንና ያልተመለሰው የሕክምና ጥያቄ

አሜሪካዊቷ ደራሲ አሊ ቤንጃሚን «ዘ ቲንግ አባውት ጄሊፊሽ» የተሰኘውን፣ በአማርኛ «የጄሊፊሽ ነገር» ሊባል የሚችለውን ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ2015 ለንባብ ያበቁት በዋናነት ከ8 እስከ 12 ዓመት ዕድሜ ላይ ለሚገኙ ልጆች ነው። መጽሐፉ በዚያው ዓመት ለአሜሪካ ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት በወጣቶች ሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ለመጨረሻው ዙር ከቀረቡት አንዱ ነበር። ለልጆች የተጻፈ ልብ ወለድ በሕክምና መጽሔት ላይ መገምገሙ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ታሪኩ የሚያጠነጥነው በየሆስፒታሉ መተላለፊያና በየጤና ጣቢያው በር ላይ ዘወትር በሚጠየቅ ጥያቄ ላይ ነው፤ ይኸውም «ለምን ሞተች?» የሚለው ነው። ጠያቂዋ ልጅ መሆኗ ጥያቄውን አያቀለውም። ይልቁንም ዐዋቂዎች መስጠት የለመዱት መልስ ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ያጋልጣል።

ሱዚ ስዋንሰን በማሳቹሴትስ የምትኖር የ12 ዓመት ልጅና የ7ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ወላጆቿ ተፋተዋል፤ ከአባቷ ጋር የምትገናኘው ቅዳሜ ማታ በአንድ የቻይና ምግብ ቤት ነው። የልጅነት ባልንጀራዋ ፍራኒ ጃክሰን በትምህርት ዕረፍት ወደ ሜሪላንድ የባሕር ዳርቻ በሄደችበት ሰጥማ ትሞታለች። ሱዚን የሚያስጨንቃት የሞቱ ድንገተኛነት ብቻ አይደለም። ፍራኒ ጎበዝ ዋናተኛ ነበረች። ጎበዝ ዋናተኛ እንዴት ሊሰጥም ይችላል? ከእናቷ የምታገኘው መልስ አንዳንድ ነገር እንዲሁ ይሆናል የሚል ነው። ሱዚ ከዚያ በኋላ መናገር ታቆማለች። ከክፍል ጓደኞቿ ጋር የባሕር እንስሳት ማሳያ ለመጎብኘት በሄደችበት ቀን ኢሩካንጂ ስለሚባል እጅግ ትንሽና መርዘኛ ጄሊፊሽ ታነባለች፤ መላምቷንም እዚያው ትወልዳለች። ፍራኒ የሞተችው በጄሊፊሽ ተነድፋ ነው ትላለች፤ ይህንንም ለማረጋገጥ ትነሣለች።

ደራሲዋ መጽሐፉን በሳይንሳዊ ዘዴ ቅደም ተከተል በሰባት ክፍሎች አዋቅረውታል። ዓላማ፣ መላምት፣ ዳራ፣ ተለዋዋጮች፣ የአሠራር ሂደት፣ ውጤትና መደምደሚያ ናቸው። የእያንዳንዱ ክፍል መክፈቻ የሳይንስ መምህርቷ ወይዘሮ ተርተን ስለ ምርምር ለተማሪዎቻቸው የሚሰጡት ማብራሪያ ነው። ይህ አወቃቀር ለጌጥ የገባ አይደለም። ሐዘን ቅደም ተከተል የለውም፤ ትዝታ ሲመጣ ያለፈው ከአሁኑ ይቀላቀላል። ልጅቱ ይህን የተዘበራረቀ ነገር ልትሸከመው የምትችለው መልክ ስላበጀችለት ብቻ ነው፤ መልኩን ያገኘችው ደግሞ ከሳይንስ ክፍሏ ነው። በእነዚህ ክፍሎች መካከል የሁለቱ ልጆች የወዳጅነት ታሪክ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው ጥቂት በጥቂት ይተረካል። የመጽሐፉ እውነተኛ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሱዚ ብዙ የምታውቅና ያወቀችውን ሁሉ የምትናገር ልጅ ነበረች። ፍራኒ ይህንን ትወድላት ነበር። ዕድሜያቸው ከፍ ሲል ግን ፍራኒ በትምህርት ቤቱ ታዋቂ ወደ ሆኑት ልጃገረዶች ትጠጋለች፤ ሱዚ ስለ ሽንትና ስለ ነፍሳት የምታወራው ነገርም ያሳፍራት ጀመር። ቀደም ሲል ግን ፍራኒ ራሷ፣ እንደነዚያ ልጃገረዶች ከሆንሁ ምልክት ላኪልኝ፣ የማልረሳው ምልክት ይሁን ብላት ነበር። ሱዚም ቃሏን ጠበቀች። የ6ኛ ክፍል ትምህርት በተጠናቀቀበት ዕለት የራሷን ሽንት በማቀዝቀዣ አስቀምጣ በረዶ ካደረገች በኋላ በፍራኒ የዕቃ ማስቀመጫ ሣጥን ውስጥ ጨመረችው። በረዶው ቀለጠ፤ ፍራኒም በተማሪዎች ፊት ተዋረደች፤ አለቀሰች። ሁለቱ ልጆች ከዚያ ወዲያ አልተያዩም። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ፍራኒ ሞተች።

ይህ ትዕይንት ከተነበበ በኋላ ጄሊፊሹ ሌላ ትርጉም ያገኛል። ሱዚ የምትፈልገው የሞቱን መንስኤ ብቻ አይደለም፤ መንስኤው እርሷ አለመሆኗን የሚያረጋግጥ ማስረጃም ጭምር ነው። ባሕር ውስጥ የማይታይ፣ ስም ያለው፣ በሳይንስ የተመዘገበ ነፍሰ ገዳይ ከተገኘ፣ በዚያ ሣጥን ውስጥ የቀለጠው በረዶ ከሞቱ ጋር ግንኙነት አይኖረውም። የልጆች ሐዘን ሲጠና በደለኝነት አዘውትሮ ይነሣል፤ ትንንሽ ልጆች «ተቆጥቼ ስለተመኘሁት ሞተ» የሚል እምነት ሊያድርባቸው እንደሚችል የታወቀ ነው። የ12 ዓመት ልጅ ግን ሞት የማይመለስና ለሁሉም የሚደርስ መሆኑን፣ መንስኤም እንዳለው ጠንቅቃ ታውቃለች። ሱዚን የሚያስቸግራት ያልበሰለ አስተሳሰብ ሳይሆን እውነተኛ ድርጊት ነው። በደል ፈጽማለች፤ ይቅርታ የምትጠይቃት ግን የለችም። ደራሲዋ ይህንን የዕድሜ ልዩነት ሳይስቱ መያዛቸው ከብዙ የልጆች መጻሕፍት ይለያቸዋል።

ወደ መላምቱ እንመለስ። ኢሩካንጂ የሚለው ስም የመጣው በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ፣ በኬርንስ ከተማ አቅራቢያ ከሚኖሩ ነባር ሕዝቦች ስም ነው፤ ሕመሙን በዚህ ስም እ.ኤ.አ. በ1952 የሠየሙት ዶ/ር ሁጎ ፍሌከር ናቸው። መንስኤው በወቅቱ አልታወቀም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 ዶ/ር ጃክ ባርንስ ትንሿን ጄሊፊሽ ከባሕር አጥምደው ራሳቸውን፣ የ9 ዓመት ወንድ ልጃቸውንና አንድ የባሕር ዳርቻ ጠባቂ አስነደፉ። ሦስቱም ሆስፒታል ገቡ፤ መንስኤውም ተረጋገጠ። ዝርያዋ ኋላ በስማቸው ካሩኪያ ባርኔሲ ተባለች። በዛሬው የምርምር ሥነ ምግባር አንድ ሕፃን እንዲህ ላለ ሙከራ መዳረጉ ፈጽሞ የሚፈቀድ አይደለም። ሆኖም ግን የማይታይ ገዳይ አለ ብሎ በግትርነት መፈለግ በሱዚ የተጀመረ አለመሆኑን ታሪኩ ያሳያል።

የጄሊፊሿ ደወል መሰል አካል አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ክር መሰል እጆቿ እስከ አንድ ሜትር ይረዝማሉ። ንድፊያው ሲደርስ ሕመሙ ቀላል ሊሆን ይችላል። ዋናው ሥቃይ የሚጀምረው ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው፤ ከባድ የጀርባና የሆድ ሕመም፣ የጡንቻ ቁርጠት፣ ማስመለስ፣ ላብ፣ የልብ ምት ፍጥነት፣ አደገኛ የደም ግፊትና ልሞት ነው የሚል ጽኑ ፍርሃት ይከተላሉ። ካቴኮላሚኖች በብዛት መለቀቃቸው ለአብዛኞቹ ምልክቶች ምክንያት እንደሆነ ይታመናል። ሕክምናው በዋናነት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ መስጠት፣ የደም ግፊቱን መቆጣጠርና ልብን መከታተል ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአውስትራሊያ የደረሱ ሁለት ሞቶች ከዚህ ሕመም ጋር ተያይዘዋል።

ከዚህ አንጻር የሱዚ መላምት ምን ያህል ያስኬዳል? ካሩኪያ ባርኔሲ የምትታወቀው በሰሜን አውስትራሊያ ሞቃት ባሕር ነው፤ ሜሪላንድ ደግሞ በአትላንቲክ ዳር፣ በሌላኛው የዓለም ጫፍ ትገኛለች። ተመሳሳይ የሕመም ምልክቶች በፍሎሪዳ ጠላቂዎች ላይ መታየታቸው ግን ተዘግቧል። ስለዚህ መላምቱ እጅግ አጠራጣሪ ቢሆንም እብደት አይደለም። ልብ ወለዱ እዚህ ላይ ጥንቁቅ ነው። ሱዚ የምታነበው እውነት ነው፤ የምትሳሳተው በማመዛዘኑ ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ 150 ሚሊዮን ሰዎች በጄሊፊሽ ይነደፋሉ የሚል ግምት ታገኝና ወደ ሰከንድ ትመነዝረዋለች፤ በየአምስቱ ሰከንድ 23 ሰዎች። ቁጥሩ በደፈናው የሚጠቀስ ግምት ነው፤ ሱዚ ግን በአእምሮዋ ሳታቋርጥ ትቆጥረዋለች። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ የሚቆጥረውን ነገር ለሚያውቅ ባለሙያ ይህ ቁጥር ከስታቲስቲክስ ይልቅ የሕመም ምልክት ነው።

መጽሐፉ ያላየው፣ የጤና ባለሙያ ግን ሊያልፈው የማይገባ አንድ ጉዳይ አለ። ጤናማ የሆነችና በደንብ የምትዋኝ ልጅ በድንገት ስትሰጥም «እንዴት?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ የሕክምና ጥያቄ ነው። በባሕር ዳርቻ ወደ ጥልቁ የሚወስድ ኃይለኛ የውኃ ሞገድ ብርቱ ዋናተኛንም ሊያሸንፍ ይችላል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው በውኃ ውስጥ የመስጠም አደጋው ከሌላው ሰው በእጅጉ ይበልጣል። ከዚህም በላይ በዘር የሚተላለፍ የልብ ምት መዛባት አለ። ሎንግ ኪው ቲ ሲንድረም ከሚባለው ሕመም አንደኛው ዓይነት በአካል እንቅስቃሴ፣ በተለይም በዋና ጊዜ የሚቀሰቀስ መሆኑ በሚገባ የታወቀ ነው። ልጁ ከዚያ በፊት አንዳች የሕመም ምልክት ላያሳይ ይችላል። በአስከሬን ምርመራም ልቡ ጤነኛ ሆኖ ይታያል። በመሆኑም እንዲህ ያለ ሞት ሲያጋጥም ቤተሰቡ ውስጥ በድንገት ራሱን የሳተ ወይም በወጣትነቱ የሞተ ሰው እንዳለ መጠየቅ፣ ለወላጆችና ለወንድም እህቶችም የኢ.ሲ.ጂ. ምርመራ ማድረግ ሌላ ሞት ሊያስቀር ይችላል።

በልብ ወለዱ ውስጥ ግን የፍራኒ አስከሬን ምርመራ ውጤት ጎልቶ የሚነሣ ጉዳይ አይደለም። ሱዚ ያንን ጥያቄ የምታቀርብለት ሐኪም የላትም። እናቷ የሰጠቻት መልስ የማጽናናት መልስ ነው፤ በፍቅር የተነገረ ነው። ነገር ግን «ምክንያት የለውም» እና «ምክንያቱ አልታወቀም» የሚሉት ሁለት አባባሎች በጣም የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ጥያቄውን ይዘጋል። ሁለተኛው ምን እንደተመረመረ፣ ምን እንዳልተመረመረ፣ ምን ሊታወቅ እንደማይችል ለመናገር በር ይከፍታል። ሱዚ በአውስትራሊያ ጄሊፊሽ ላይ የተንጠለጠለችው ይህን ሁለተኛውን መልስ የሚሰጣት ሰው ስላጣች ነው። ደራሲዋ በመጨረሻ ወደ እናቲቱ አባባል ማዘንበላቸው የመጽሐፉ ዋነኛ ድክመት ነው። የልጅቱን ሳይንስ ሲያከብሩ ቆይተው፣ ጥያቄዋ ከሐዘን የመነጨ ስለሆነ ብቻ የሚተው አድርገው ይደመድሙታል። ጥያቄ ከሐዘን መነሣቱ ግን ስሕተት አያደርገውም።

የሱዚ ዝምታ ለብቻው መታየት ይገባዋል። መራጭ ዝምታ ወይም ሰለክቲቭ ምዩቲዝም የሚባለው የጭንቀት ሕመም ብዙውን ጊዜ ከ5 ዓመት ዕድሜ በፊት የሚጀምርና ልጁ በአንዳንድ ቦታ፣ ለምሳሌ በትምህርት ቤት፣ የማይናገርበት ነው። የሱዚ ዝምታ በድንገት የመጣ፣ ከቤተሰቧም ጋር የሚዘልቅና ታስቦበት የተመረጠ ነው። ከዚህም በላይ የራሱ የሆነ አመክንዮ አለው። ባልንጀራዋን ያጣችው ብዙ በመናገሯ ነው ብላ ታምናለች፤ ለባልንጀራዋ ያስተላለፈችው የመጨረሻ መልእክትም ቃል አልነበረበትም፤ የከፋውም እርሱ ነው። ስለዚህ ዝምታው በራሷ ላይ የፈረደችው ቅጣት ይመስላል። ይህንን ያልተረዳ ባለሙያ ዝምታውን እንደ ምልክት ብቻ ወስዶ እንድትናገር ሊገፋፋት ይችላል።

በመጽሐፉ ያሉት የሥነ ልቦና ባለሙያ የሚፈጽሙት ስሕተት ወደዚህ የሚቀርብ ነው። ሱዚ በእግራቸው ምክንያት ቅጽል ስም አውጥታላቸዋለች፤ አንባቢም እስከ መጨረሻው የሚያውቃቸው በዚያው ስም ነው። ሴትዮዋ ትሑትና ታጋሽ ናቸው፤ ነገር ግን ልጅቱ በልቧ ይዛ የምትዞረውን ጥናት አያገኙትም። ስለ ስሜቷ ይጠይቃሉ፤ ስለ ሐሳቧ ግን አይጠይቁም። ይህ ሥዕል በአንድ ወገን የተሳካ ነው፤ ስሜትን ብቻ የሚያሳድድ ምክክር በእውቀት የሚያዝኑ ልጆችን እንደሚያመልጣቸው ያሳያል። በሌላ ወገን ግን ባለሙያዋ መሳለቂያ ብቻ ሆነው መቅረታቸው ፍትሐዊ አይደለም። ደራሲዋ ለሳይንስ መምህርቷ የሰጡትን ያህል ሰብአዊነት ለእኚህም ሴት ቢሰጡ ኖሮ መጽሐፉ ለሕክምና ሠራተኞች ይበልጥ ይጠቅም ነበር።

ወይዘሮ ተርተን በአንጻሩ ልጅቱን የሚረዷት ለመርዳት ብዙ ሳይደክሙ ነው። ስለ ሐዘኗ አያስጨንቋትም፤ ስለ ጄሊፊሽ እንድትመራመር ይፈቅዱላታል፤ መላምት ተሳስቶ ቢገኝም ለተመራማሪው ውርደት እንዳልሆነ ያስተምራሉ። የቤተ ሙከራ ጓደኛዋ ጀስቲን ማሎኒም እንዲሁ ነው፤ ትኩረት የመስጠት ችግር ያለበትና መድኃኒት የሚወስድ፣ ዝም ስትልም ማውራቱን የማይተው ልጅ ነው። ሱዚን ወደ ሰው የሚመልሷት እንዲህ ያሉ፣ ሐኪም ነን የማይሉ ሰዎች ናቸው። በትምህርት ቤቶች ውስጥ የሚሠሩ ነርሶችና አማካሪዎች እነዚህን ገጾች ደግመው ቢያነቧቸው የሚያገኙት ነገር አለ።

ታሪኩ አሜሪካዊ ቢሆንም ኢትዮጵያዊው የጤና ባለሙያ የሚያውቀውን ነገር ይነካል። በኢትዮጵያ መርዶ ሥርዓት አለው፤ ማን እንደሚናገር፣ በምን ሰዓት፣ በማን ፊት እንደሚነገር ዘመድ ይመክርበታል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ግን የታሰበው ለዐዋቂው ነው። ልጁ ብዙ ጊዜ ወደ ጎረቤት ይላካል፤ ሟቹ «ሩቅ አገር ሄዷል» ወይም «ተኝቷል» ይባላል። ሱዚ ቢያንስ ባልንጀራዋ መሞቷን በግልጽ ተነግሯታል፤ የጎደላት «እንዴት?» የሚለው ነው። በርካታ ኢትዮጵያውያን ልጆች የሚጎድላቸው ግን ሁለቱም ነው። ሆስፒታል ውስጥ ሞት ሲያጋጥም ሐኪሙ ወይም ነርሷ የሚያናግሩት ቤተሰቡን ወክሎ የመጣውን ታላቅ ነው፤ ልጆቹ ምን እንደተነገራቸው የሚከታተል ባለሙያ ጥቂት ነው። መስጠምም ቢሆን ለባሕር ዳርቻ አገሮች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም፤ ወንዝ፣ ኩሬና ሐይቅ ባለበት ሁሉ አለ። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ ወደ 300 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ሰጥመው እንደሞቱ ይገምታል፤ ከእነዚህም ወደ ሩብ የሚጠጉት ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። ከእያንዳንዳቸው ኋላ እንደ ሱዚ «እንዴት?» ብሎ የሚጠይቅ ወንድም፣ እኅት ወይም ባልንጀራ መኖሩ አይቀርም።

የመጽሐፉ የመጨረሻ ክፍሎች ይፋጠናሉ። ሱዚ በኬርንስ የሚገኙትንና በገሃዱ ዓለም ስለ መርዘኛ ጄሊፊሾች የሚመራመሩትን ጄሚ ሲሞርን በአካል ለማግኘት ትወስናለች። ከቤተሰቧ ገንዘብ ትሰርቃለች፤ በአባቷ ክሬዲት ካርድ የአውሮፕላን ትኬት ትገዛለች። አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርስ ግን ለአውስትራሊያ ቪዛ እንደሚያስፈልግ ይነገራታል። ያን ሁሉ ዕቅድ ያወጣች፣ ያን ሁሉ ቁጥር ያሰላች ልጅ ቪዛ የሚባል ነገር እንዳለ አላወቀችም። ትዕይንቱ ለማሳቅም ለማስለቀስም የቀረበ ነው፤ ደራሲዋም ልጅነቷን አንባቢ ሊረሳ በተቃረበበት ሰዓት ያስታውሱታል። ከዚያ በኋላ ያለው እርቅ፣ ንግግሯ መመለሱና የትምህርት ቤቱ ጭፈራ ለዘውጉ የተለመደ መዝጊያ ነው። በረዶው የቀለጠበት የዚያ ሣጥን ጉዳይ ግን በዚህ ሁሉ ውስጥ ከሚገባው ያነሰ ቦታ ነው ያገኘው።

መጽሐፉን ሐዘን ላይ ላለ ልጅ ለመስጠት የሚያስብ ባለሙያ አስቀድሞ ራሱ ያንብበው፤ በተለይ ልጁ ከሟቹ ጋር ተጣልቶ የተለያየ ከሆነ። የሣጥኑን ምዕራፍ ለብቻው ከሚያነበው ይልቅ ከሚያምነው ዐዋቂ ጋር ሆኖ ቢያነበው ይሻላል፤ ካነበበም በኋላ ጥያቄው መጀመሪያ የሚመጣው ስለ ፍራኒ ሳይሆን ስለ ጄሊፊሹ ሊሆን ይችላል።